ያልተመዘገበ መገጣጠሚያ ጠባቂ የለውም፦ የዳሌና የጉልበት ቅየራ ማስረጃ እና የሕግ አውጪዎች ኃላፊነት

ፍሬ ነገሩ

የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ያለፈው ምዕተ ዓመት ካበረከታቸው ታላላቅ የቀዶ ሕክምና ውጤቶች አንዱ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ብቻ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ተተኪ መገጣጠሚያዎች ወደ ገበያ የሚገቡት ደኅንነታቸው አስቀድሞ በሰው ላይ በተደረገ ጥናት ተረጋግጦ ሳይሆን፣ ቀድሞ ከተሸጠ ሌላ መገጣጠሚያ ጋር ይመሳሰላሉ ተብሎ ነው። ከተተከሉም በኋላ ሁሉንም የሚከታተል አስገዳጅ ብሔራዊ መዝገብ በአገሪቱ የለም። በዚህ መካከል አደጋውን የሚሸከመው ሕመምተኛው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ማንኛውም ተተኪ መገጣጠሚያ ከመተከሉ በፊት ማስረጃ፣ ከተተከለ በኋላም ክትትል ሊኖረው ይገባል፤ ክትትሉም አማርኛ ተናጋሪውን ጨምሮ እያንዳንዱን ሕመምተኛ በሚገባው ቋንቋ ሊደርሰው ይገባል። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቤተ ሙከራ የማይታይ ውድቀት

የዘመናዊው ዳሌ ቅየራ ፈር ቀዳጅ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። በራይቲንግተን ሆስፒታል ሥራውን ሲጀምር የዳሌውን ጽዋ የሚሠራው ከቴፍሎን ነበር። ቴፍሎን እጅግ ልሙጥ በመሆኑ ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በሰው አካል ውስጥ ግን በጥቂት ዓመታት ተበልቶ አለቀ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ሐኪሙ የራሱን ሕመምተኞች ዳግም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ለመመለስ ተገደደ። በ1962 ወደ ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ከተሻገረ በኋላ ነው ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ስኬት የመጣው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ስድሳ ዓመታት አልፈውትም አላረጀም። መገጣጠሚያ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ሚሊዮን ጊዜ ቢታጠፍና ቢዘረጋ፣ በሰው አካል ውስጥ ደም፣ ክብደት፣ እንቅስቃሴና ጊዜ የሚያደርሱበትን ሁሉ አያሳይም። ጉድለቱ የሚገለጠው የተተከለለት ሰው ለዓመታት ሲከታተሉት ብቻ ነው።

ክትትል በተደረገበት ቦታ ውጤቱ አስደሳች ነው። በ2019 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተሙ ጥናቶች በአውስትራሊያና በፊንላንድ ብሔራዊ መዝገቦች ላይ ተመሥርተው፣ ከዳሌ ቅየራዎች 58 በመቶ ያህሉ፣ ከሙሉ ጉልበት ቅየራዎች ደግሞ 82 በመቶ ያህሉ ለ25 ዓመታት እንደሚያገለግሉ ገምተዋል። ስለዚህ ክርክሩ ቀዶ ሕክምናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል አይደለም። ይጠቅማል። ክርክሩ መልካሙን መገጣጠሚያ ከመጥፎው ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ ይለየዋል የሚል ነው።

ኤ.ኤስ.አር.፦ መዝገብ የጮኸበት፣ ገበያ ያልሰማበት

የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አካል የሆነው ዲፑዪ ኩባንያ ኤ.ኤስ.አር. የተባለውን ዳሌ በ2003 ከአሜሪካ ውጭ መሸጥ ጀመረ። ኳሱም ጽዋውም ከኮባልትና ከክሮሚየም ብረት የተሠሩ ስለነበሩ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተት ነበር። ሐሳቡ ፕላስቲክ እንደሚበላው ብረት አይበላም፤ ስለዚህም ለወጣትና ለንቁ ሰዎች ይበጃል የሚል ነበር። ኤክስ.ኤል. የተባለው ዓይነት በ2005 የአሜሪካን ገበያ ሲቀላቀል፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍ.ዲ.ኤ.) በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ እንዲቀርብለት አልጠየቀም።

ብረቱ ግን ይፋቅ ነበር። ረቂቁ ብናኝ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለውን ጡንቻና አጥንት አቈሰለ፤ በአንዳንዶች ላይ እብጠት ፈጠረ፤ በደማቸው ውስጥ ያለውን የኮባልትና የክሮሚየም መጠንም ከፍ አደረገ። ጉዳቱን አስቀድሞ ያየው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ነበር፤ በ2007 መገጣጠሚያው ከሌሎቹ በላይ ዳግም ቀዶ ሕክምና እየጠየቀ መሆኑን አመለከተ። ኩባንያው ምርቱን ከአውስትራሊያ ገበያ ያወጣው በ2009 መጨረሻ ሲሆን፣ ከዓለም ገበያ እንዲሰበሰብ ያደረገው በነሐሴ 2010 ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝና የዌልስ መዝገብ ያሳየው መረጃ በአምስት ዓመት ውስጥ ከስምንቱ ሕመምተኞች አንዱ ያህል ዳግም እንደተቀደደ የሚመሰክር ነበር። በመላው ዓለም መገጣጠሚያው የተተከለላቸው ሰዎች ወደ 93 ሺህ ይጠጉ ነበር። ኩባንያው በ2013 በአሜሪካ ከሺዎች ከሳሾች ጋር ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ተስማማ።

ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እስከ ዓለም አቀፉ ስብሰባ ሦስት ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት መገጣጠሚያው መተከሉን አላቋረጠም። የአውስትራሊያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ስንት ተጨማሪ ዓመታት ያልፉ ነበር ብሎ መጠየቅ የሕግ አውጪው ፈንታ ነው።

የመመሳሰል ሰንሰለት

ይህ የሆነው በሕግ ጥሰት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ በፈቀደው መንገድ ነው። በ1976 የወጣው የሕክምና መሣሪያዎች ማሻሻያ ሕግ ሁለት ዋና በሮችን ከፈተ። ጥብቁ በር ቅድመ ገበያ ፈቃድ ሲሆን አምራቹ የደኅንነትና የፍቱንነት ማስረጃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሁለተኛው በር በተለምዶ 510(ኬ) ይባላል፤ አምራቹ አዲሱ ምርት ቀድሞ በሕግ ከተሸጠ ምርት ጋር በመሠረቱ አቻ መሆኑን ካሳየ ይበቃዋል። የዛሬዎቹ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያዎች አብዛኞቹ የሚያልፉት በዚህ በር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1996 በሜድትሮኒክ እና በሎር ክርክር፣ ይህ ሂደት ትኩረቱ አቻነት ላይ እንጂ ደኅንነት ላይ አለመሆኑን አስታውሷል።

ብረት በብረት የሆኑት ዳሌዎች በከፍተኛው የአደጋ ምድብ ውስጥ ነበሩ። ሆኖም ጥብቁ መስፈርት በይፋ እስኪጠየቅባቸው ድረስ በቀላሉ በር እንዲያልፉ ጊዜያዊ ፈቃድ ነበራቸው። ይህ «ጊዜያዊ» ፈቃድ የተዘጋው በ2016 ነው፤ ማለትም ከአርባ ዓመታት በኋላ።

በ2013 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት የኤ.ኤስ.አር. ኤክስ.ኤል.ን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ቈጠረ። አጥኚዎቹ ከአምስት አሥርት ዓመታት በላይ የሚሻገር፣ 95 የተለያዩ መሣሪያዎችን ያቀፈ ሰንሰለት አገኙ። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ኋላ በተተዉ የብረት በብረት ዳሌዎች ላይ ነበር። ልጁ ከአባቱ፣ አባቱ ከአያቱ ይመሳሰላል ተብሎ ሲፈቀድ፣ አያቱ በደዌ መሞቱን የጠየቀ አልነበረም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትም በ2011 ባወጣው ዘገባ ይህ ሥርዓት በሌላ እንዲተካ መክሯል። ምክሩ ዛሬም ተግባራዊ አልሆነም።

ችግሩ በንድፍ ብቻ እንደማይወሰን ደግሞ የኤግዛክቴክ ጉዳይ ያሳያል። ኩባንያው በ2021 እና በ2022 የፕላስቲክ የመገጣጠሚያ ክፍሎችን ለመሰብሰብ የተገደደው በማሸጊያው ምክንያት ነበር። ከረጢቶቹ ኦክሲጅንን የሚከለክለው አንድ ንጣፍ ስለጐደላቸው ፕላስቲኩ ገና ሳይተከል ሊጐዳና ኋላ ቶሎ ሊበላ ይችል ነበር። ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ የተተከሉት የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ክፍሎች ከ140 ሺህ በላይ ነበሩ። ኩባንያው በ2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አንዲት በ2006 የተቀየረላት እናት አድራሻዋን ቀይራ፣ ሐኪሟ ጡረታ ወጥቶ፣ ሆስፒታሉ ተሽጦ ከሆነ ማስጠንቀቂያው በምን መንገድ ይደርሳታል? ዛሬ ባለው ሥርዓት ይደርሳታል የሚል ዋስትና የለም።

መዝገብ የሚሠራው ሥራ

የመገጣጠሚያ መዝገብ ረቂቅ ነገር አይደለም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደተተከለለት ይጻፋል፤ ዳግም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለትም ምክንያቱ ይጻፋል። ሁለቱ መረጃዎች ሲገናኙ የትኛው ምርት ቶሎ እንደሚበላሽ ይታወቃል። ስዊድን የጉልበት መዝገቧን በ1975፣ የዳሌውን በ1979 ጀመረች። ኖርዌይ በ1987 ተከተለች፤ ቦንሎክ የተባለው የአጥንት ማጣበቂያ ሲሚንቶ መገጣጠሚያዎችን ያለጊዜያቸው እንደሚያላላም በመዝገቧ አማካይነት በ1995 አረጋገጠች። አውስትራሊያ በ1999፣ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ተጨመሩ። የእንግሊዙ መዝገብ ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን ይዟል።

መዝገብ መጥፎውን ከማጋለጥ ባሻገር መልካሙንም ያረጋግጣል። ሞለኪውሎቹ በጨረር እንዲተሳሰሩ የተደረገው አዲሱ የፖሊኢትሊን ዓይነት በዳሌ ላይ ከቀድሞው ያነሰ እንደሚበላና ዳግም ቀዶ ሕክምናን እንደሚቀንስ የአውስትራሊያ መዝገብ በረጅም ዓመታት መረጃ አሳይቷል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና ልቀት ተቋምም በ2014 መስፈርቱን ከፍ አድርጎ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ የዳሌ መገጣጠሚያ እንዳይመረጥ መክሯል። እንዲህ ያለ መስፈርት ማውጣት የሚችለው የሚቈጥር አገር ብቻ ነው።

በአሜሪካ ብሔራዊ ስፋት ያለው መዝገብ አለ፤ ተሳትፎው ግን በፈቃደኝነት ነው። ሆስፒታል ከፈለገ ይገባል፤ ካልፈለገ ይቀራል። ይህ ሀብት የሌለው አገር ብቻ የሚያመካኝበት ጉዳይም አይደለም። ማላዊ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገብ ያቋቋመችው በ2005 ነው።

ማን ተቈጠረ? ማንስ ቀረ?

ማስረጃ የሚጠቅመው የሚመለከታቸውን ሰዎች ሲይዝ ነው። በ2013 ይፋ የሆነና ከ35 ሺህ በላይ የዳሌ ቅየራዎችን የመረመረ ጥናት፣ የሴቶች የዳግም ቀዶ ሕክምና አደጋ ከወንዶቹ በ29 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አገኘ። መረጃው የተገኘው ካይዘር ፐርማነንቴ ከተባለው የጤና ተቋም መዝገብ ነው። ጾታ ባይመዘገብ ይህ ልዩነት በአማካዩ ቁጥር ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር። በ2003 የታተመ የሜዲኬር መረጃ ጥናት ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን የጉልበት ቅየራ የሚያገኙት ከነጮቹ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ጥቂት የሚታከም ሕዝብ በጥናትም ጥቂት ይሆናል፤ በጥናት ጥቂት የሆነ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚነገር ማስረጃ አያገኝም።

የኢትዮጵያ ተወላጆች ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ መዝገቦች ውስጥ የሚቈጠሩት «ጥቁር» በሚለው አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። የዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ በ2024 ያሻሻለው የዘርና የብሔር መረጃ መስፈርት ግን በዚሁ ምድብ ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ዝርዝር ምርጫ አካቷል። ይህ መስፈርት በጤና መዝገቦች ላይ በተግባር ካልዋለ በወረቀት ላይ ያለ ድል ሆኖ ይቀራል።

ቋንቋም ሌላው በር ነው። የፌዴራል የምርምር ደንብ ለጥናት የሚጠየቅ ሰው መረጃውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያገኝ ያዛል። በተግባር ግን በብዙ ጥናቶች እንግሊዝኛ ማንበብ መቻል የተሳትፎ መስፈርት ሆኖ ይቀመጣል፤ መተርጐም ወጪ ስላለው ሰውየውን መተው ይቀላል። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማዋ ተቋማት ሊያገለግሉበት ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ለመኪና መንጃ ፈቃድና ለቤት ድጋፍ ቅጽ አማርኛ ከተቻለ፣ በሰው አጥንት ውስጥ ስለሚቀበር ብረት ለሚሰጥ ማብራሪያ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ውጤት የሚለካበት መለኪያም ትርጉም ብቻ አይበቃውም። በጥናቶች ዘንድ የተለመደው የኦክስፎርድ የጉልበት መጠይቅ ሕመምተኛው ተንበርክኮ መነሣት ይችል እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ያነሣል። ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይህ ከብዙ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ዓቢይ ጾምን በስግደት ለምታሳልፍ እናት፣ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት ለሚሰግድ አባት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ለምታፈላ ሴት ግን ዋናው ጥያቄ ነው። ከጉልበት ቅየራ በኋላ በብዛት የሚገኘው መታጠፍ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሙሉ ስግደትና ቁጢጥ ማለት ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ከዳሌ ቅየራ በኋላም ብዙ ሐኪሞች፣ መገጣጠሚያው እንዳይወልቅ፣ ለሳምንታት በዝቅተኛ መቀመጫ መቀመጥን ይከለክላሉ። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በቋንቋው ያልተነገረው ሰው «ተሳክቷል» በተባለ ቀዶ ሕክምና ቅር ይሰኛል፤ ቅሬታው ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥብቅ ማስረጃ መጠየቅ አዲስ ፈጠራን ያዘገያል የሚል ነው። መገጣጠሚያ የሚመዘነው በአሥርት ዓመታት ስለሆነ ሁሉንም እስኪያልቅ መጠበቅ አይቻልም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም አማራጩ ያለ ማስረጃ ለመቶ ሺዎች መትከል አይደለም። በስዊድን ሉንድ ከተማ በ1970ዎቹ የዳበረ ረቂቅ የራጅ መለኪያ ዘዴ አለ፤ መገጣጠሚያው ከአጥንቱ የሚንሸራተተውን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይለካል። በጥቂት አሥር ሕመምተኞች ላይ በሁለት ዓመት ክትትል ብቻ ወደፊት የመላላት አደጋ ያለበትን ንድፍ ማስጠንቀቅ ይችላል። በዕጣ የሚመደቡ ሙከራዎችም ይቻላሉ። በእንግሊዝ የጉልበትን ከፊል ቅየራ ከሙሉ ቅየራ ጋር ያነጻጸረው ቶፕካት የተባለ ጥናት 528 ሕመምተኞችን ለአምስት ዓመታት ተከታትሎ በ2019 ውጤቱን አውጥቷል። መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ቀጥሎ ብዙዎች፣ ሁልጊዜም በመዝገብ።

ሁለተኛው ወጪ ነው። አውስትራሊያ ለዚህ መልስ ሰጥታለች፤ የመዝገቡን ወጪ የሚሸፍነው መገጣጠሚያ ከሚያቀርቡ ኩባንያዎች በሕግ የሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ዳግም ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ፣ የረዘመና የተወደደ ነው፤ ሒሳቡንም ሜዲኬር፣ መድን ሰጪና ቤተሰብ ይካፈሉታል።

ሦስተኛው የግል መረጃ ጥበቃ ነው፤ ለስደተኛ ማኅበረሰብ ይህ ስጋት ቀላል አይደለም። ስሙን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የሚፈራ ሰው ሕክምናውን ራሱ ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ከሕመምተኛ ደኅንነት በቀር ለሌላ ዓላማ፣ በተለይም ለኢሚግሬሽን ሕግ ማስፈጸሚያ፣ እንዳይውል በግልጽ ቃል ሊደነገግ ይገባል።

ከተቃውሞዎቹ ሌላ አንድ ወጥመድ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሪግል እና በሜድትሮኒክ ጉዳይ፣ ጥብቁን ቅድመ ገበያ ፈቃድ ያገኙ መሣሪያዎችን አምራቾች በክፍለ ግዛት ሕግ መክሰስን በእጅጉ ገድቧል። ስለዚህ ተጨማሪ መገጣጠሚያዎችን ወደ ጥብቁ በር ማዛወር ብቻውን የሕመምተኛውን የመካስ መብት ሊያጠብ ይችላል። የማስረጃ ግዴታውና የመክሰስ መብቱ በአንድ ረቂቅ ሕግ አብረው ካልተጠበቁ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰዳል።

የሚጠየቁ እርምጃዎች

አንደኛ፣ ኮንግረስ ለማንኛውም አዲስ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ በሰው ላይ የተገኘ ማስረጃ እንዲቀርብ ይደንግግ፤ ለደኅንነት ጉድለት ከገበያ የተሰበሰበ ምርትም ለሌላ ምርት የአቻነት ምስክር እንዳይሆን ይከልክል። ሪግል የገደበውን የመክሰስ መብት በዚሁ ሕግ ይመልስ።

ሁለተኛ፣ በሜዲኬርና በሜዲኬድ ገንዘብ የሚከፈልበት ማንኛውም የመገጣጠሚያ ቅየራ በብሔራዊ መዝገብ መግባቱ የክፍያ ቅድመ ሁኔታ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በ2013 የወጣው ደንብ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሰጠው ልዩ መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ አይቅር፤ ወደ ክፍያ ሰነዱና ወደ ሕመምተኛው እጅ ይድረስ። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ ሕመምተኛው የተተከለለትን መሣሪያ የሚገልጽ ካርድ እንዲሰጠው አዟል። በአውሮፓ ያሉ ማኅበራት ካርዱና ማብራሪያው በአማርኛም እንዲዘጋጁ የየአገራቸውን መንግሥታት ይጠይቁ።

አራተኛ፣ መዝገቦች ጾታን፣ የ2024ቱን ዝርዝር የትውልድ ምድብና የሕመምተኛውን ቋንቋ ይያዙ፤ ውጤቱንም በየምድቡ በየዓመቱ ያውጡ። በጣም ትንሽ ቁጥር የግለሰብን ማንነት እንዳይገልጥ ጥንቃቄ ይደረግ።

አምስተኛ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ጥናት ቋንቋን የማግለያ ምክንያት አያድርግ፤ የውጤት መጠይቆችም በማኅበረሰቡ ቋንቋና አኗኗር ተፈትነው ይዘጋጁ።

ስድስተኛ፣ ምርት ከገበያ ሲሰበሰብ ማስጠንቀቂያው በተወሰነ ቀን ውስጥ ለሕመምተኛው በቀጥታ፣ በመረጠው ቋንቋ ይድረሰው።

ጉዳዩ በስደት አገር ብቻ አያበቃም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ መገጣጠሚያው ተቀይሮለት አገሩ የሚገባ ሰው አለ። በኢትዮጵያም የሕክምና መሣሪያዎችን መቈጣጠር እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሥር ይወድቃል። የማላዊ ምሳሌ እንደሚያሳየው መዝገብ ለመጀመር የተሻለው ጊዜ ቁጥሩ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ሕግ እስኪወጣ ድረስ የማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚሠሩት ሥራ አለ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ የተተከለለትን መገጣጠሚያ የአምራች ስም፣ የሞዴልና የመለያ ቁጥር ከሆስፒታሉ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ ወረቀቱንም ከፓስፖርቱ ጋር እንዲያስቀምጥ ማስተማር ይቻላል። የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ደግሞ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ለኤፍ.ዲ.ኤ. ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ፦ ነገ አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ ቢሰበሰብ፣ የተተከለላቸውን ሰዎች ሁሉ በስንት ቀን ታገኟቸዋላችሁ?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በኤ.ኤስ.አር. ጊዜ ጭሱን አስቀድማ ያየችው መዝገብ የነበራት አገር ናት። የሚቀጥለው ጉድለት የት እንደሚነሣ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ሲነሣ ግን ቶሎ ታይቶ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ እንዲነገረው ማድረግ በሕግ አውጪዎች እጅ ያለ ነገር ነው።